የአኳሪየም መስታወት አልጌ እንዳይለብስ፦ ለባህር ዳር ቤቶች የሚሆን አሠራር

እሑድ የተወለወለ መስታወት ረቡዕ ላይ አረንጓዴ ጭጋግ ይዞ ይገኛል። በሳምንቱ ዓሣዎቹ ጥላቸው ብቻ ይታያል። ስፖንጅ ይነሣል፣ ይፈተጋል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ ሲመሽ ይጠራል፣ ረቡዕ ደግሞ ያው ነው። ጥፋቱ የእጅ ስንፍና አይደለም። ተፍቆ ውሃው ውስጥ የቀረ አልጌ አልሞተም፤ በተለይ ለስላሳው አረንጓዴ ዓይነት የሚዋኝ ዘር ስላለው በሰዓታት ውስጥ ተመልሶ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለወጠው ልማድ ይህ ነው፦ የተፋቀው በዚያው ቅጽበት ከውሃው ይውጣ። ብርሃንና ምግብ መቀነስ ከዚያ ይከተላል።

ከዚህ በታች ያሉት መጠኖች የተሰሉት ርዝመቱ 80፣ ስፋቱ 35፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ለሆነና ውሃው እስከ 36 ሳንቲ ሜትር ለተሞላ አኳሪየም ነው። 80 በ35 በ36 ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል 100 ሊትር ገደማ ይሆናል። ጠጠርና ድንጋይ ቦታ ስለሚይዙ እውነተኛው ውሃ ከ85 እስከ 90 ሊትር ነው፤ ለውሃ ቅየራ ልዩነቱ ግድ የለውም፣ መድኃኒት ሲለካ ግን ይታሰብበት። የእናንተ ከዚህ ከተለየ በዚሁ ሒሳብ አስሉት።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ። ኢንተርኔት ላይ ስለ መስታወት አልጌ የሚነገረው ብዙው ምክር ኮራል ለሚያረቡ የባሕር ውሃ አኳሪየሞች የተሰጠ ነው። እዚያ የሚመሰገነው የባሕር ቀንድ አውጣ በእኛ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ አይኖርም፤ ይሞትና ራሱ ለአልጌው ምግብ ይሆናል።

የትኛው አልጌ ነው?

ከመፋቃችሁ በፊት በጥፍራችሁ ጫፍ ጫር አድርጋችሁ እዩት። አማርኛው ዋቅላሚ ይለዋል፣ በየቤቱ ግን አልጌ ነው የሚባለው፤ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ መድኃኒቱም ይለያያል።

ቡናማ፣ አቧራ የመሰለ፣ በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት የሚለቅ ከሆነ ዳያቶም ነው። አዲስ አኳሪየም ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይመጣል። ዳያቶም ቅርፊቱን የሚሠራው ከሲሊካ ነው፤ ባህር ዳርና አካባቢዋ ያሉት በእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው፣ በዚያ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ ሲሊካ ይዞ ይመጣል። መጥረግና መታገሥ ነው። ለዚህኛው መድኃኒት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ወር ራሱ ይለቃል።

ለስላሳ አረንጓዴ ጭጋግ ሆኖ መስታወቱን እኩል የሚሸፍነው ከላይ ያነሣነው ባለ ዋናተኛ ዘሩ ነው። ብርሃን በዝቷል፣ ምግብ በዝቷል፣ ወይም ሁለቱም።

ክብ ክብ ጠንካራ አረንጓዴ ነጠብጣብ፣ በስፖንጅ የማይለቅ፣ በጥፍር ሲጫር ብቻ የሚነሣ ከሆነ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት ነው። ኃይለኛ መብራት ይወዳል። እሱን የሚያነሣው ስለት ነው።

አራተኛው ይለያል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ፣ እንደ ስስ ቆዳ ተገፎ የሚነሣ፣ ወደ አፍንጫ ሲቀርብ የረግረግ ሽታ ያለው፦ ይህ ሳያኖባክቴሪያ ነው፣ ከአልጌ ይልቅ የባክቴሪያ ወገን። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ጠጠሩ ከፊት ለፊቱ መስታወት ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ፣ ከጠጠሩ በታች ነው። ውሃ እምብዛም አይዘዋወርበትም፣ የተቀበረ ትርፍራፊ አለ፣ ብርሃን ደግሞ በመስታወቱ በኩል ይደርሰዋል። ከውጭ በኩል በጠጠሩ ቁመት ልክ ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ዙሪያውን ለጥፉ። መልኩም አይከፋም።

ከውሃው ወለል በላይ ነጭ ሆኖ የደረቀ መስመር አልጌ አይደለም፤ ውሃ ሲተን የተወው ጨው ነው። እሱ በአቼቶ ይነሣል፣ ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

ብርሃን፦ ከመብራቱ በፊት መስኮቱ

ሰው መብራቱን ሲወቅስ አልጌውን የሚያሳድገው መስኮቱ ሆኖ ይገኛል። «መስኮቱ ወደ ሰሜን ስለሆነ ፀሐይ አይገባም» የሚለው አባባል ባህር ዳር ላይ በዓመት ውስጥ አራት ወር ያህል አይሠራም። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ሐምሌና ነሐሴን ደመናው ይከልለዋል፤ ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት ግን የሰሜን መስኮት ፀሐይ ሊያስገባ ይችላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ስለምትሄድ በደቡብ መስኮት ወደ ቤቱ ጠልቃ ትገባለች። በመስከረም አልጌ ያልነበረበት አኳሪየም በታኅሣሥ ሲለብስ ዓሣው ወይም ውሃው የተለወጠ ይመስላል፤ የተለወጠችው ፀሐይ ናት።

ፈተናው ቀላል ነው። አንድ ቀን ሙሉ መብራቱን አጥፉና ጠዋት 2 ሰዓት፣ እኩለ ቀን 6 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ አኳሪየሙን እዩት። ከሦስቱ በአንዱ እንኳ የፀሐይ ጨረር መስታወቱን ወይም ጠጠሩን ከነካ ቦታ ቀይሩ። ባዶ ካልሆነ በስተቀር አታንቀሳቅሱት፤ 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው፣ በሲሊኮን የተያያዘ መስታወት በዚያ ክብደት ላይ ጠመም ከተደረገ ስፌቱ ይለቃል። ማንቀሳቀስ ካልተቻለ ወፍራም መጋረጃ ይበቃል፤ የኋላውንና ፀሐይ ያለበትን ጎን መስታወት ደግሞ ከውጭ በጥቁር ወረቀት ወይም ላስቲክ ሸፍኑ።

አሁን መብራቱ። ዓሣ ብቻ ላለበት 100 ሊትር ከ10 እስከ 15 ዋት ኤልኢዲ በቂ ነው። በቀን 6 ሰዓት ይብራ፣ ከ8 ሰዓት አይለፍ። ሰው ቤት በሚገባበት ሰዓት ይሁን፦ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት። ጠዋት ቤቱ ባዶ ሆኖ መብራቱ ቢበራ ተጠቃሚው አልጌው ብቻ ነው። ዓሣዎቹ ለማየት የክፍሉ ብርሃን ይበቃቸዋል።

ታይመር የምትገዙ ከሆነ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ክቡ ላይ የተጻፈው ቁጥር በፈረንጅ አቆጣጠር ባለ 24 ሰዓት ነው፤ የእኛ 10 ሰዓት እዚያ 16 ነው፣ የምሽቱ 4 ሰዓት ደግሞ 22። ቁጥሩን እንዳለ 10 ላይ ያስቀመጠ ሰው መብራቱን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ያበራዋል። ሁለተኛ፣ እየዞረ የሚቆጥረው ርካሹ ታይመር መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል። ሦስት ሰዓት መብራት ጠፍቶ ከመጣ ታይመሩ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ እንዲህ እየተጠራቀመ በሳምንቱ አኳሪየሙ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቦግ ብሎ ይገኛል። ውሃ በምትቀይሩበት ቀን ሁሉ ሰዓቱን አስተካክሉ፣ ወይም ውስጡ ባትሪ ያለውን ዲጂታል ግዙ።

መብራቱ ከክዳኑ ጋር ተጣብቆ በጣም ኃይለኛ ከሆነ ከውሃው በላይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ጠንካራው ነጠብጣብ ባለበት ቤት ይህ ብቻ ለውጥ ያመጣል።

ምግብ

ሁለት ደቂቃ። ዓሣዎቹ በሁለት ደቂቃ ጨርሰው የማይበሉት ምግብ የአልጌ ማዳበሪያ ነው። ጉፒ ለሚባሉት ትንንሽ ዓሣዎች፣ ለአሥሩ፣ በቀን አንድ ጊዜ በሁለት ጣት የሚቆነጠር በቂ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ፣ ረቡዕ ወይም ዓርብ፣ እነሱም ይጹሙ። ጤነኛ ዓሣ ምንም አይሆንም።

እንጀራ፣ ዳቦና ብስኩት አይገቡም። እንግዳ በሚበዛበት ሳሎንና በካፌ ያለ አኳሪየም ዋና ችግሩ ይህ ነው፤ ልጆች ዓሣው አፉን ሲከፍት ያዩና የያዙትን ይቆርሱለታል። ክዳኑ ላይ ዘለበት አድርጉ። ጎልድፊሽ ያለባችሁ ደግሞ በ100 ሊትር ከሁለት አትለፉ፤ ጎልድፊሽ ብዙ የሚበላ ብዙ የሚያወጣ ዓሣ ነው፣ አምስት ስድስት ሆኖ መስታወቱ ንጹሕ የሚሆንበት አሠራር የለም።

የትኛው ውሃ?

የቧንቧ ውሃ ይሻላል፤ ክሎሪኑ ግን መውጣት አለበት። አፈ ሰፊ በርሜል ወይም ትልቅ ሳፋ ውስጥ 24 ሰዓት ይቆይ፣ የክሎሪን ሽታው ጠንከር ባለበት ቀን 48 ሰዓት። ጀሪካን ውስጥ አፉን ከድኖ ማቆየት ምንም አይጠቅምም፣ ጋዙ መውጫ የለውም። የአየር ፓምፕ ድንጋይ ብትጨምሩበት ይፈጥናል። አፉን ግን በቁራጭ አጎበር ሸፍኑ፤ የወባ አገር ነው።

የጉድጓድ ውሃ ከመጸዳጃ ጉድጓድ ብዙ ያልራቀ ከሆነ ናይትሬት ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ ናይትሬት ደግሞ የአልጌ ቀለብ ነው። በክረምት ከቆርቆሮ ጣራ የሚጠራቀመው ዝናብ ለስላሳ ይሁን እንጂ ከአዲስ ቆርቆሮ ዚንክ ይዞ ይወርዳል፤ ዚንክ ለዓሣም ለቀንድ አውጣም መርዝ ነው።

የጣና ውሃ አይገባም። ሐይቁ በደጃችን ሆኖ ይህን ማለት ሊከብድ ይችላል፤ ግን አንድ ባልዲ የሐይቅ ውሃ ከነአልጌ ዘሩ፣ ከነደለሉ፣ ከነማዳበሪያ እጣቢው ነው የሚመጣው። ከዳርቻው ቀንድ አውጣ ለቅሞ «መስታወት ያጸዳልኛል» ብሎ ማስገባት ደግሞ ከዚህ ይከፋል፤ የቢልሃርዚያ ትል የሚፈለፈልበት ቀንድ አውጣ በጣና ዳርቻ አለ፣ እናንተም በየሳምንቱ እጃችሁን ክርን ድረስ የምትነክሩት እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። እንቦጭም እንደዚሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መኖሩ ከታወቀ ወዲህ ስንት ሰው በእጁ ሲነቅለው እንደኖረ እናውቃለን፤ ለአኳሪየም ማስዋቢያ ተብሎ ቤት ገብቶ ትርፉ ቦይ ውስጥ ቢጣል ከቦዩ ወደ ዓባይ ነው። ቅርጹ የሚያምር ተክል ከፈለጋችሁ ሌላ አለ፣ ከታች እናነሣዋለን።

የናይትሬት መለኪያ ወረቀት ካገኛችሁ የአኳሪየሙንም የቧንቧውንም ለኩ። ግቡ በሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በታች ነው። ለምሳሌ አኳሪየሙ 40፣ ቧንቧው 5 ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ሩቡን ስትቀይሩ ወደ 31 ይወርዳል፣ ሁለተኛው ወደ 25፣ ሦስተኛው ወደ 20። ሦስቱንም በአንድ ቀን አታድርጉት፤ ሁለት ሁለት ቀን አራርቁ። ቧንቧው ራሱ 25 ካሳየ ግን በቅየራ ብቻ ከዚያ በታች መውረድ አይቻልም፣ ተክል ያስፈልጋል።

ሳምንታዊው ጽዳት

የሚያስፈልገው፦ ሳሙና ነክቶት የማያውቅ አዲስ ለስላሳ ስፖንጅ፣ አገልግሎቱ ያለቀ የኤቲኤም ካርድ፣ የካተር ምላጭ የሚያዝበት እጀታ ያለው መፋቂያ፣ ሶፍት፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ሁለት ባልዲ፣ እንዲሁም ግንበኞች የውሃ ልክ የሚይዙበት ግልጽ ፕላስቲክ ቱቦ ሁለት ሜትር። የቱቦው ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ የሰፋው ባልዲውን በደቂቃ ይሞላና የቤቱን ምንጣፍ ያርሳል። አረንጓዴው የድስት መፈተጊያ መስታወት ይጭራል፣ የተጫረ መስታወት ደግሞ አልጌ በጭረቱ ውስጥ ይደበቅበታል። ቱቦውን በአፍ መሳብ አያስፈልግም፤ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አየሩ ሲወጣ አንዱን ጫፍ በአውራ ጣት ደፍናችሁ ወደ ባልዲው አውርዱት።

1. ማሞቂያውን ንቀሉና 15 ደቂቃ ጠብቁ። ትኩስ ማሞቂያ ውሃው ሲጎድል አየር ላይ ከቀረ መስታወቱ ይፈነዳል። ከዚያ መብራቱንም ፊልተሩንም ንቀሉ። ዲቫይደሩ ወለል ላይ ካለ ከባልዲው አርቁት። የቤታችሁን ቁልፍ ከተነቀለው ስፒና አጠገብ አስቀምጡ፤ ፊልተሩን ሳይሰኩ ከቤት መውጣት የተለመደ ጥፋት ነው፣ ቁልፉ ያስታውሳችኋል።

2. እጃችሁን በውሃ ብቻ ታጠቡ። ቫዝሊን ወይም ቅባት የነካው ክንድ ውሃው ላይ ዘይት ይተዋል።

3. ስፖንጁን በቀኝ፣ የቱቦውን አፍ በግራ ያዙ፤ ሁለት ሰው ከሆናችሁ ይቀላል። ስፖንጁ ከላይ ወደ ታች በአንድ መስመር ይውረድ፣ የቱቦው አፍ ከሥሩ ሁለት ሦስት ጣት ርቀት ላይ ይከተለው። የተላቀቀው አረንጓዴ ሲሳብ በግልጹ ቱቦ ውስጥ ይታያል። ክብ ክብ እያደረጉ መፈተግ አልጌውን መበተን ነው። ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ ስፖንጁን ሁለተኛው ባልዲ ውስጥ ጨምቁት፣ አኳሪየሙ ውስጥ አይሁን።

4. ሩቡ፣ ማለት 25 ሊትር፣ ሲወጣ ቱቦውን አንሡ። ውሃው የሸሸበት የ9 ሳንቲ ሜትር ጥብጣብ አሁን አየር ላይ ነው። እሱን በሶፍት አንድ ጊዜ ብቻ ከግራ ወደ ቀኝ ጥረጉ፣ ሶፍቱን ጣሉ፣ በሌላ ድገሙ። ብርሃኑ የሚበረታው እዚህ የላይኛው ክፍል ላይ ስለሆነ አልጌው ቶሎ የሚመለሰውም ከዚህ ነው፤ በሶፍት የተነሣ ግን ወደ ውሃው አይመለስም።

5. ከጠጠሩ በላይ ያለውን የመጨረሻ ሦስት ሳንቲ ሜትር በስፖንጅ አትንኩ። አንድ የአሸዋ ቅንጣት ስፖንጁ ሥር ከገባ ዕድሜ ልክ የማይጠፋ ጭረት ይተዋል። እዚያ የኤቲኤም ካርዱን ተጠቀሙ። የማግኔት መጥረጊያ ያላችሁም ደንቡ ይኸው ነው፤ ማግኔቱ ወደ ጠጠሩ ከወደቀ አውጥታችሁ ሳታጥቡ መልሳችሁ አትግፉት።

6. ለጠንካራው ነጠብጣብ መፋቂያው። መስታወቱ እርጥብ ይሁን፣ ምላጩ በ30 ዲግሪ ገደማ ተጋድሞ ወደ ፊት ብቻ ይገፋ። ከማዕዘኑ ሲሊኮን ሁለት ሳንቲ ሜትር ሲቀር አቁሙ። ሲሊኮን የነካ ምላጭ ዛሬ ምንም ያላደረገ ይመስላል፣ ከወራት በኋላ ግን ጠብታ ይጀምራል። የጢም ምላጭ በባዶ እጅ አይያዝ፤ ይታጠፋል፣ ጣት ይቆርጣል። አኳሪየሙ የፕላስቲክ ከሆነ ምላጭ ጨርሶ አይነካውም። ማዕዘኑ በጥርስ ብሩሽ ይጽዳ። ምላጩ ዝገት ካበጀ ይጣል።

7. ነጩን የጨው መስመር አቼቶ በነከረ ሶፍት ሸፍኑትና አሥር ደቂቃ ተዉት፤ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ይነሣል። ወደ ውሃው እንዳይንጠባጠብ ሶፍቱን ጨመቅ አድርጉት።

8. የተዘጋጀውን 25 ሊትር ውሃ በሳህን ላይ ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩ፣ ጠጠሩ እንዳይናወጥ። ከኅዳር እስከ ጥር ደጅ ያደረ ውሃ ይበርዳል፤ ከዋዜማው ቤት አስገቡት። ሙቀቱ ከአኳሪየሙ ከሁለት ዲግሪ በላይ መራቅ የለበትም።

9. ፊልተሩን ሰኩ፣ ከዚያ ማሞቂያውን። ቁልፋችሁን አንሡ።

የፊልተሩ ስፖንጅ በወር አንድ ጊዜ ይጨመቅ፣ ከአኳሪየሙ በወጣው ውሃ ውስጥ እንጂ በቧንቧ ሥር አይሆንም፤ ክሎሪኑ ውስጡ ያለውን ጠቃሚ ባክቴሪያ ይገድላል። መስታወቱ በብዛት በተፋቀበት ቀን አታድርጉት፣ ሁለቱ በአንድ ላይ ለውሃው ይከብዱታል። የወጣው ውሃ ለጓሮ ጎመን ጥሩ ነው።

የኋላውን መስታወት መፋቅ ግዴታ አይደለም። እዚያ ያለው ስስ አረንጓዴ ከውሃው ናይትሬት እየወሰደ ከፊት ያለውን ይሻማዋል፣ ዓሣዎቹም ይለቅሙታል። የፊቱና የጎኑ ከጸዳ ይበቃል።

ተክልና ተባባሪ እንስሳ

በየሳሎኑ በጠርሙስ ውሃ የሚበቅለው ባለ ልብ ቅርጽ ቅጠል ሐረግ፣ ፖቶስ፣ ለዚህ ሥራ የሚወዳደረው የለም። አፈሩን ከሥሩ አጥባችሁ አራት አምስት ቅርንጫፍ በክዳኑ ቀዳዳ አስገቡ፤ ሥሩ ብቻ ውሃ ውስጥ፣ ቅጠሉ ሁሉ ውጭ። ሥር ከሰደደ በኋላ ናይትሬቱን ከአልጌው ይቀማል።

መስታወት ከሚያጸዱ እንስሳት ኔራይት የሚባለው ቀንድ አውጣ የተሻለ ነው፤ በጨው አልባ ውሃ ስለማይራባ አይበዛባችሁም፣ ነጭ ነጭ እንቁላሉን ግን በየቦታው ይለጥፋል። ትንሹ ባለጢም ፕሌኮ፣ ብሪስልኖዝ የሚባለው ዓሣ፣ ለ100 ሊትር አንድ ይበቃል። በሕፃንነቱ የሚሸጠው ትልቁ ፕሌኮ ግን ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፤ ሲያድግ አልጌ መብላቱን ይቀንሳል፣ እዳሪው ብቻ ይበዛል። «ቆሮሶ አልጌ ይበላል» ብሎ ከዓሣ አጥማጅ ጫጩት የሚያመጣም አለ። ይበላል፣ እውነት ነው። ግን ጠጠሩን ይቆፍራል፣ ተክሉን ይነቅላል፣ ሲያድግም ቦታው ሐይቅ ነው።

አልለቅ ሲል፦ ሦስት ቀን ጨለማ

ለሳያኖባክቴሪያና ለሚደጋገም አረንጓዴ ጭጋግ ከመድኃኒት በፊት ጨለማ ይሞከር። ከላይ እንደተነገረው አጽዱና 30 ሊትር ቀይሩ። መብራቱን ንቀሉ። አራቱንም ጎን በጥቁር ላስቲክ ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልሉ፣ ከላይ አየር የሚገባበት ክፍተት ይኑር። 72 ሰዓት ሙሉ ምግብ የለም፣ ገልጦ ማየትም የለም። በሦስተኛው ቀን ማታ ገልጣችሁ የሞተውን በቱቦ ሳቡ፣ 40 ሊትር ቀይሩ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት መብራቱን በቀን 4 ሰዓት ብቻ አብሩ። አዲስ የተፈለፈሉ ጫጩቶች ካሉ አታድርጉት፣ ሦስት ቀን ያለ ምግብ አይችሉም።

በዚህ ጊዜ የአየር ፓምፑ ቀንም ሌሊትም ይሥራ። የሚሞት አልጌ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይበላል፣ እኛ ደግሞ ያለነው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ ውሃ መያዝ የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለ ተመሳሳይ ውሃ በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። በቆላ አገር ለተጻፈ መመሪያ ፓምፕ እንደ ምርጫ ሊቆጠር ይችላል፣ ባህር ዳር ላይ ግን የግድ ነው። ዓሣዎቹ ከላይ በውሃው ገጽ ላይ አፋቸውን እየከፈቱ ከተሰበሰቡ ላስቲኩን ወዲያው አንሡ፣ በጆግ ውሃውን እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱ፣ ሩቡንም ቀይሩ።

መዳብ ያለበት የአልጌ መድኃኒት ቀንድ አውጣን ይገድላል። በረኪና አኳሪየሙ ውስጥ አይገባም። አልጌ የያዛቸውን የፕላስቲክ ጌጦች ግን አውጥታችሁ አንድ እጅ በረኪና በሃያ እጅ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ማቆየት ይቻላል፤ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ አጥባችሁ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ አድርቋቸው።

መብራት ሲጠፋ

በዚያ ቀን ምግብ አትስጡ። ከአራት ሰዓት በላይ ከቆየ ዝግ ፊልተር ውስጥ ያለው ውሃ መበላሸት ይጀምራል፤ መብራት ሲመጣ እንዲሁ ከተነሣ ያን የተበላሸ ውሃ ወደ ዓሣዎቹ ይረጨዋል። መጀመሪያ ውስጡን በአኳሪየሙ ውሃ አለቅልቃችሁ ድፉት፣ ከዚያ ሰኩት። ከረጅም መጥፋት በኋላ በሳምንቱ አልጌ ቢበዛ አትደነቁ፤ ከሞተው ባክቴሪያ የተለቀቀው ለእሱ ቀለብ ሆኗል። የመብራቱን ሰዓት ሳትጨምሩ አንድ ተጨማሪ ቅየራ አድርጉ።

መሻሻሉን መለካት

ከፊት መስታወት በአንዱ የላይኛው ጥግ አምስት በአምስት ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ከጸዳበት ቀን ጀምሮ ሳትነኩት ተዉ፤ ቀኑን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከውጭ ለጥፉ። ከኋላው ያለው ዓሣ በካሬው ውስጥ መልኩ መለየት ሲያቅት ስንት ቀን እንደሆነ ቁጠሩ። ሦስት ቀን ከሆነ ብርሃኑን በአንድ ሰዓት ቀንሱ፣ ምግቡንም በግማሽ። ይህን ለውጥ ሁለት ሳምንት ሳትነኩ ጠብቁ፣ አልጌ ለዛሬ ማስተካከያ ነገ አይመልስም። ሰባት ቀን ከደረሰ ሳምንታዊው ጽዳት ይበቃዋል። አሥር ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ የቀነሳችሁትን አንድ ሰዓት ብርሃን ለተክሉ መመለስ ትችላላችሁ፤ ካሬውን አጽዱና ቆጠራውን እንደገና ጀምሩ።